ጀግናው ለምን ሁልጊዜ ሰይፍ ይይዛል? የፋንታሲ ጌም መሣሪያዎችና ክላሶች ከጣና ዳር ሲታዩ

ዓባይማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር ፖሊ አካባቢ እየተሰበሰብን በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ ፋንታሲ የምንጫወት ልጆች ነን። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን እንገባለን። አሁን የራሳችንን ዓለም እየሠራን ነው። መሀሉ ላይ ጣናን የመሰለ ሰፊ ሐይቅ አለ። ደሴት አለ፣ ገዳም አለ፣ ታንኳ አለ፣ ጉማሬ አለ። ካርታው ከሞላ ጎደል አልቋል። ያልተስማማነው ክላሶቹ (የገጸ ባሕርያቱ የሙያ ዓይነቶች) ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። አዲስ ጌም ስትከፍቱ ገጸ ባሕርያቱ ተሰልፈው ይጠብቋችኋል። ስማቸውን ሳታነቡ ማን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀጥ ያለ ሰይፍ የያዘው ጀግናው ነው። ወይ የንጉሥ ዘር ነው፣ ወይ ደግሞ የንጉሥ ዘር መሆኑን ገና አላወቀም። ባለመጥረቢያው ቁጡ ነው፤ የመጣው ከከተማ ውጭ ነው። ጩቤ የያዘው ሌባ ወይም አድፍጦ ገዳይ ነው። ባለቀስቷ ከጫካ ናት፤ ብዙ አታወራም። ረጅም በትር የጨበጠው ሽማግሌ አስማተኛ ነው። ከባድ ዱላ የያዘው ደግሞ ካህን ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ጌሞቹ እየደጋገሙ አስለመዱን።

አመጣጡ ግን ይታወቃል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የወረቀትና የዳይስ ጌም ሲያወጡ ክላሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው በሚቀጥለው ዓመት ተጨመረ። በ1987 የመጀመሪያው «ፋይናል ፋንታሲ» ስድስት ክላስ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የወጣው አብዛኛው ጌም የእነዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። የተሸከሙት ትዝታም በብዛት የአውሮፓ መካከለኛው ዘመን ነው። እዚያ ሰይፍ ውድ ነበር፤ የባላባት ነበር። ጦር የእግረኛው ነው። ስለዚህ በጌም ውስጥ ጦር የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ የቆመ፣ ስም የሌለው ዘበኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እኛ ዘንድ ጦር እንዲህ ነው እንዴ? ጓደኞቼ ለሐይቁ ዓለማችን ጀግና አሁንም ሰይፍ ሰጡት። እኔ ጦርና ጋሻ ይያዝ ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ሽምብጥ_ልጅ

ነገሩን አክብደኸዋል። እኔ በስልክ «ሞባይል ሌጀንድስ» ነው የምጫወተው። እዚያ ስድስት ሮል (የሥራ ድርሻ) አለ፤ ታንክ (ለጓደኞቹ ምቱን የሚቀበለው)፣ ፋይተር (ተዋጊ)፣ አሳሲን (አድፍጦ ገዳይ)፣ ሜጅ (አስማተኛ)፣ ማርክስማን (ከሩቅ መቺ) እና ሰፖርት (ረዳት)። ማርክስማኑ ቀስት ይያዝ ጠመንጃ ይያዝ ግድ አይሰጠኝም። ከሩቅ ይመታል፣ ሲጠጉት ይሞታል። በቃ።

የምልክት ሥራው ፍጥነት ነው። ውጊያ መሀል ለማሰብ ጊዜ የለህም። ታንኩ ሰፊ ሆኖ የሚሣለው፣ አሳሲኑ ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው። በ1996 «ፋየር ኤምብለም» ላይ የመጣውን የሦስት መሣሪያ ሕግ ተመልከት። ሰይፍ መጥረቢያን ይበልጣል፣ መጥረቢያ ጦርን ይበልጣል፣ ጦር ሰይፍን ይበልጣል። አንዴ ከያዝከው አትረሳውም። ክብር ምናምን የሚባለው እላዩ ላይ የሚቀባ ቀለም ነው።


ዓባይማዶ

@ሽምብጥ_ልጅ ፍጥነቱ ላይ እንስማማለን። ግን በዚያው «ፋየር ኤምብለም» ውስጥ ዋናዎቹ መሳፍንት በብዛት የሚይዙት ምንድን ነው? ሰይፍ። በሕጉ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ታሪኩ ሲጻፍ ግን እኩል አልሆኑም። ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዴ መጥረቢያ፣ አንዴ ጦር እያፈራረቁ ይሰጧቸው ነበር።


ቀለም_ብርዕ

እኔ ሥዕል ነው የምሠራው። ስለዚህ በዓይኔ የማየውን ልናገር።

ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ ዙሩት። እዚያም አንድን ሰው ስሙን ሳታነቡ የምታውቁበት ሥርዓት አለ። ከጌሙ በጣም ይቀድማል፤ እንደ ጌሙም ግልጽ ነው። ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ መጀመሪያ ያሳየችኝ ይህንን ነው። ቀጥሎ ፈረሱ አለ። ነጩ ፈረስ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ጥቁሩ የቅዱስ መርቆሬዎስ።

አሁን እጃቸውን እዩ። ጊዮርጊስ ደራጎኑን የሚወጋው በጦር ነው። መርቆሬዎስም ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን የሚወጋው በጦር ነው። ፈረሰኞቹ ቅዱሳን ወደ ጠላት የሚሄዱት ጦር ይዘው ነው። ሰይፍ የመዘዙትን የምታገኟቸው የመቅደሱ በር ላይ ነው፤ ሊቃነ መላእክቱ። እነሱ የትም አይሄዱም። በሩን ይጠብቃሉ።

ይህ ከጌሙ ጋር ሲነጻጸር ተገልብጦ ነው የሚገኘው። እዚያ ዘበኛው ጦር ይዞ ይቆማል፣ ጀግናው ሰይፍ ይዞ ይሄዳል። እኛ ሥዕል ላይ ጦር የሚሄድ ሰው መሣሪያ ነው፤ ሰይፍ ወሰን ላይ የሚቆም ነው። ዓባይማዶ፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ጀግናችሁ ጉዞ የሚሄድ ከሆነ ጦር ስጡት። ሰይፉን ግን አትጣሉት፤ ደሴቱ በር ላይ ለሚቆመው አስቀምጡለት።


ሾተል23

ስለ ሾተል አንድም ሰው ሳያነሳ ይህን ያህል መሄዳችሁ ገርሞኛል!

ሾተል እኮ ዓለም ውስጥ ገብቷል። በ2015 ለ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የአፍሪካ መንግሥታት ሲጨመሩ የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር ሆኖ የመጣው ባለሾተሉ ነው። ቶሎ ይሠለጥናል፣ ኃይለኛ ይመታል፣ ቶሎ ይሞታል። በ2011 በወጣው «ዳርክ ሶልስ» ውስጥም ሾተል አለ። የጠላትን ጋሻ አልፎ መምታት የሚችል ጎባጣ ሰይፍ ነው። ይህን ያወጡት ዝም ብለው አይደለም። እውነተኛው ሾተልም እንደ ማጭድ የጎበጠው ለዚሁ ነው፤ ጫፉ በጋሻው ጠርዝ ላይ ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው እንዲያገኝ። የድሮ ፎቶዎች ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ሰይፉን በቀኝ ወገቡ ታጥቆ ታዩታላችሁ፤ በጌም ውስጥ ግን ሁሌ በግራ ነው።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ሾተል ያለ ጋሻ ትርጉም የለውም። ቅርጹን የወለደው ጋሻው ነው። ጠላት ሁሉ ቆዳ ጋሻ የሚይዝበት አገር ካልሆነ በስተቀር ያንን የሚያህል ጉብጠት ማን ይሸከማል? ጌሞቹ ሾተሉን ወሰዱ፤ የነበረበትን አገር ጥለው ሄዱ። እና እናንተ ዓለም ስትሠሩ ከጋሻው ጀምሩ። ክቡ ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ይሠራል። የመኳንንቱ ጋሻ በብር ይለበጣል፤ የተራው ሰው ጋሻ ጌጥ የለውም። ጋሻውን አይተህ ሰውዬው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። እናንተ ደግሞ ሐይቅ ሙሉ ጉማሬ አላችሁ!


ቀበሌ14

ታንክ ካላችሁ እኮ ፊታውራሪ አላችሁ።


ሽምብጥ_ልጅ

@ቀበሌ14 አብራራው።


ቀበሌ14

እሺ፣ ሰፋ አድርጌ ልመለስ።

እናንተ ክላስ የምትሉት በመሣሪያ የተከፈለ ነው። ሰይፍ ያለው እንዲህ፣ ቀስት ያለው እንዲያ። በእኛ ታሪክ ሹመቱ የተከፈለው ሰውዬው በሚቆምበት ቦታ ነው። ፊታውራሪው ግንባር ቀደም ሆኖ ይመራል። ቀኛዝማቹ ቀኙን፣ ግራዝማቹ ግራውን ይይዛል። ሁሉም ጦርና ጋሻ፣ በኋላ ደግሞ ጠመንጃ ነው የያዙት። መሣሪያቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ አንድ አይደሉም። እናንተ ጌም ላይ የሞባይል ሌጀንድሱ ልጅ «ሮል» የሚለው ለዚህ ይቀርባል፤ በነገራችን ላይ እዚህ ላይ እሱ ትክክል ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ሊቀ መኳሱን ነው። ይህ ሰው በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ የሚታይ ባለሥልጣን ነበር። ጠላት ንጉሡን ብሎ ሲመጣ እሱን ያገኛል። ታንክ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? ጌም ላይ ታንኩ ጠላትን የሚስበው «ታውንት» በሚባል ቁልፍ ነው፤ ስትጫነው ጭራቁ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ አንተ ይዞራል። ሊቀ መኳሱ ግን ምክንያት አለው። የሚስበው ካባው ነው። መሣሪያው ልብስ ነው።

ሌላው ጎፈር ነው። አንበሳ የገደለ ሰው የአንበሳውን ጎፈር ራሱ ላይ ያደርጋል። ጌሙ ላይ ሬር (ብርቅ) ዕቃ በወርቃማ ቀለም ይጽፉልሃል፤ እዚህ ራስህ ላይ ታደርገዋለህ፣ ያየህ ሁሉ ታሪኩን ያነባል። የፈረስ ስምንም አትርሱ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። እኛ ዛሬ እዚህ የምንጠቀምበት ዓይነት መጠሪያ ማለት ነው፤ ሰው ራሱ መርጦ የሚታወቅበት። ለተጫዋቾቻችሁ ሁሉ የፈረስ ስም እንዲያወጡ አድርጉ።


የቅኔቤት_ሰው

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ እየተከታተልሁ ነው። ጌሙን አልጫወትም፤ ያሳየኝ የወንድሜ ልጅ ነው። በልጅነቴ ግን እዚሁ ጎጃም ቅኔ ቤት ስለገባሁ ስለ በትሩ የምለው አለኝ።

እናንተ ዘንድ በትር የያዘ ሰው ዕውቀቱን ጨርሶ የመጣ ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ በትር የሚይዘው ገና የሚጀምረው ነው። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ ያለው ደበሎ፣ አኩፋዳና ዱላ ነው። ደበሎው ልብሱም አልጋውም ነው። በአኩፋዳው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ይይዛል። በዱላው ውሻ ይከላከላል። የመንደር ውሻ ተማሪን ሲያይ እንዴት እንደሚሆን የቀመሰው ያውቀዋል። ያ ልጅ ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለሁለት ቤት ቅኔ ይጀምራል። እየጠነከረ ሲሄድ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የወንድሜ ልጅ «ሌቭል» የሚለውን ነገር ሲያስረዳኝ ወዲያው የገባኝ ለዚህ ነው።

ኋላ ላይ መቋሚያ ይይዛል። መቋሚያ የሚመታበት ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት የሚቆም ሰው ይደገፍበታል፤ በአቋቋሙ ጊዜ ያነሣዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ መሬቱን ይመታበታል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ታውቁ እንደሆነ፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ የያዘውን ጦር ያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። የተከለውም አላወቀም፣ የተተከለበትም አላወቀም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ንጉሡ ጦር ይዟል፣ ሊቁ መቋሚያና ጸናጽል። እንግዲህ ጦር የማን መሣሪያ እንደሆነ ክርክሩን የጀመረው ልጅ ከዚህ ማየት ይችላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ካህኑን ጌማችሁ ውስጥ ስታስገቡ ሰው እንዳታስገድሉት። ቄስ ሰው ከገደለ ክህነቱ ይፈርሳል። መስቀሉን ይዞ ከሠራዊቱ ጋር ይዘምታል፣ ያናዝዛል፣ የወደቀውን ይቀብራል፤ እጁ ግን ደም አይነካም። ሁለተኛ፣ ቅዱሳኑን ተዉልኝ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ጋር ወስዳችሁ «የአራዊት ክላስ» ብትሉት የሚያዝን ሰው አለ። እኔም አዝናለሁ። ከሰው ሙያ ውሰዱ፤ የሰው ሙያ ይበቃችኋል።


ዓባይማዶ

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቅዱሳኑን እንተዋለን፤ ለጓደኞቼም ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ የነገሩን ሁለት ነገር ግን ጌማችንን ገለበጠው።

መጀመሪያ የቆሎ ተማሪው። በ2022 በወጣው «ኤልደን ሪንግ» ውስጥ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የሚጀምር ክላስ አለ። ልብስ የለውም ማለት ይቻላል። የያዘው ዱላ ብቻ ነው። ሁሉም ችሎታው እኩል 10 ነው። ተጫዋቾች የሚወዱት ምንም ስላልሆነ ሁሉንም መሆን ስለሚችል ነው። ያንን ክላስ እኛ በደበሎና በአኩፋዳ በደንብ አለበስነው። ደግሞ የእኛው ለምን ምንም እንደሌለው ይታወቃል፤ ለመማር ብሎ ትቶት ነው የወጣው።

ዋናው ግን ካህኑ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ላይ የድሮው ካህን ስለት ያለው መሣሪያ መያዝ አይችልም ነበር፤ የተፈቀደለት ዱላና መዶሻ ነው። ሰበቡ ደም አያፈስስም የሚል ነው። ብዙዎች ይህን ከጳጳሱ ኦዶ ጋር ያያይዙታል። ኦዶ በ1066ቱ የሄስቲንግስ ጦርነት ላይ ዱላ ይዞ፣ ጦርነቱን በሥዕል በሚያሳየው በቤዩው ጥልፍ ላይ ይታያል። ግን አስቡት፤ በመዶሻ ጭንቅላት መፍለጥ ደም ሳያፈስስ ይቀራል? ሕጉ መሣሪያውን ቀየረ እንጂ ሰውዬውን አላሰረውም። የእኛው ሕግ ሰውዬውን ያስረዋል።

እና አሁን የምለው ይህ ነው። የመሣሪያው ምልክትነት ያለው በሚመታው ነገር ሳይሆን የያዘውን ሰው በሚከለክለው ነገር ላይ ነው። ሊቀ መኳሱ ካባውን ማውለቅ አይችልም። በር ላይ የቆመው ባለሰይፍ በሩን ትቶ መሄድ አይችልም። ካህኑ መግደል አይችልም። አንድን ክላስ «ምን ይችላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ዳሜጅ (ጉዳት ማድረስ) ነው። «ምን ተከልክሏል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ሰው ሆኖ ይመጣላችኋል።


ሽምብጥ_ልጅ

ይህ አሁን ጌም ሆነ። ክልከላ ሜካኒክ (የጨዋታው አሠራር) ነው፤ ቀለም አይደለም።

ግን ተጠንቀቁ። የማይነክስ ክልከላ ዋጋ የለውም። ካህኑ መግደል አይችልም ካላችሁ መግደል የሚያስፈልገው ሰዓት ላይ አድርሱት። ጓደኛው እየሞተ ነው፣ ጠላት ጀርባውን ሰጥቷል፣ ጦር እግሩ ሥር ወድቋል። አንስቶ መውጋት ይችላል። ከወጋ ግን ክላሱን ያጣል፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን እስከ መጨረሻው። ተጫዋቹ ይምረጥ። ያንን ሰዓት ካልፈጠራችሁ ወረቀት ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።


ሾተል23

@ሽምብጥ_ልጅ ይሄንን አንብቤ ቆዳዬ ተሸማቀቀ። ከምሬ ነው።


ማሲንቆ_ገመድ

አዝማሪውን የት ጣላችሁት?

በጌሞቹ ባርድ የሚባል ክላስ አለ። ክራር የመሰለ ነገር ይይዛል፣ ይዘፍናል፣ የጓደኞቹ ኃይል ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ማንም የማይመርጠው ክላስ ነው። አዝማሪ ግን ከመኳንንት ጋር ሲዘምት የኖረ ሰው ነው። የጀገነውን ያወድሳል፣ የፈራውን ስሙን ያነሣል። ሰው ከጦር ይልቅ አዝማሪ ፊት መዋረድን ይፈራ ነበር። መሣሪያው አንድ ገመድ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተፈተለ። ሆዱ አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ የተወጠረ። አንድ ገመድ ብቻ ይዞ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው።

ክልከላውን ከፈለጋችሁ ደግሞ አለ። ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ታዳሚው «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ ያንኑ ያዜማል። ግጥሙ ደካማም ይሁን፣ ሰው የሚነካም ይሁን፣ ራሱን አዝማሪውን የሚሳደብም ይሁን ይቀበላል። ክላሱን እንዲህ ሥሩት፤ አዝማሪው ኃይል የሚያገኘው ሌላው ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ በእውነት ግጥም ሲሰጠው ነው። እምቢ ማለት አይችልም። ግጥሙ ያማረ ከሆነ ለሁሉም ይተርፋል፤ ቤት ካልመታ ለማንም አይተርፍም። ማንም የማይመርጠው ክላስ ያላችሁት ሁሉም የሚሻማበት ይሆናል።


ቀለም_ብርዕ

ይሄ ድንቅ ነው። እኔ ደግሞ የአስማተኛው ነገር ሲከነክነኝ ነበር።

ክታብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረጅም ጥቅልል ብራና ነው። ጸሎቱ ይጻፍበታል፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት መልአክ ይሣልበታል። ከሁሉም የሚገርመኝ ልኩ ነው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ስሙም ይጻፍበታል። በጌም ውስጥ ጥቅልል ማንም ገዝቶ ማንም የሚያነበው ዕቃ ነው፤ ተጠቅመህ ትጥለዋለህ። ይኼኛው ግን ለአንድ ሰው አካል ተለክቶ የተሠራ ነው። ለሌላ ሰው አይሆንም። የእኛ አስማተኛ ደብተራ ይሁንና በውጊያ መሀል እሳት ከመወርወር ይልቅ ከውጊያው በፊት ጓደኞቹን አንድ በአንድ ይለካ። ማንን አስቀድሞ እንደሚለካ ይምረጥ፤ ለሁሉም የሚበቃ ብራና የለውም።


የቅኔቤት_ሰው

ልጄ ቀለም ብርዕ፣ ስለ ክታቡ ልክ በደንብ አስተውለሻል። ግን ደብተራን አስማተኛ ብቻ አታድርጉብኝ። ደብተራ ማለት ማሕሌቱን የሚቆም፣ ቅኔውን የሚቀኝ፣ ዜማውን የሚያውቅ ሊቅ ነው። ክታብ የሚጽፍ አለ፣ የማይጽፍ አለ። ሕዝቡ ጥቂቱን አይቶ ሁሉንም ሲፈራ ኖሯል። እናንተም ያንን ፍርሃት ወደ ጌም አታሻግሩት። ልጆች ጌሙን ተጫውተው ደብተራ ሲያዩ «ጠንቋይ» እንዳይሉ።


ቀለም_ብርዕ

የኔታ፣ ልክ ነዎት፤ እንዲህ ብናደርገውስ? የቆሎ ተማሪው ሌቭሉ ሲያድግ መንገዱ ይከፈልለት። አንዱ በማሕሌቱ፣ አንዱ በቅኔው፣ አንዱ በብራናው ይሂድ። ክታቡን የመረጠው የአገሩ ሰው እየፈለገውም እየፈራውም ይኑር። ሌሊት በር ያንኳኩበታል፤ ቀን ሰላም አይሉትም። ያ የእሱ ዋጋ ይሁን። ደብተራ የሚለውን ስም ግን ለሊቁ እንተወው።


ጎርጎራ

ከሰሜኑ ዳር ነኝ። ሁላችሁም የብስ ላይ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። ዓለማችሁ ሐይቅ ነው አላላችሁም?

ታንኳ ላይ ጎፈርም ካባም በብር የተለበጠ ጋሻም ሸክም ነው። ታንኳ ከደንገል የታሰረ ነው። ውኃ ይመጥጣል። ከሥራ በኋላ ዳር አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ካላቆማችሁት ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል። ስለዚህ ደሴት ለደሴት የሚሄድ ተዋጊ መምረጥ አለበት፤ ወይ ጋሻውን ወይ ስንቁን። ቀዛፊውን ክላስ አድርጉት። መቅዘፊያውን ይዞ ማንንም አይመታም፤ ያለ እሱ ግን የትኛውም ጀግና ከዳር አይነቃነቅም።

ጠላታችሁንም አስቡበት። ሁሌ ደራጎን ነው። ደራጎን በጦር ይወጋል፣ ይሞታል፣ ያልቃል። በፈረንጅ 2011 ጣና ላይ የታየውን እምቦጭ አስቡት። ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ሐምራዊ አበባ አለው፣ ያምራል። ውኃውን ይሸፍናል፣ ጀልባ ያግዳል፣ ዓሣ አስጋሪውን ከሥራ ያስወጣል። ብትቆርጡት ቁራጩ ሄዶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነው የነቀለው። እዚያ ላይ ሰይፍ ምን ያደርጋል? ሾተል ምን ያደርጋል? የሐይቁ ዓለም ጭራቅ እንዲህ ያለ ይሁን። ያኔ ሁሉም ክላስ መሣሪያውን አስቀምጦ አብሮ መግባት ይኖርበታል።


ሾተል23

ጋሻውን ማስቀመጥ እስማማለሁ። ሾተሉን አላስቀምጥም 🙂


ቀበሌ14

@ጎርጎራ ይህ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው የሚሆነው። ፊታውራሪው እዚያም ቢሆን ቀድሞ ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። ክልከላው ይኸው ነው፤ ከማንም ኋላ መቆም አይችልም።


ዓባይማዶ

ዛሬ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ያላችሁትን ሁሉ አንብበናል። እስካሁን የተስማማንበትን ልንገራችሁ።

ጀግና የሚባል ክላስ የለም። ሁሉም ከቆሎ ተማሪ፣ ከቀዛፊ ወይም ከእረኛ ይጀምራል። ጦር የሚያዝ ሳይሆን የሚሰጥ ነው፤ ሰጪውም በስም ይታወቃል፤ ጦሩን የተቀበለ ሰው ሰጪው ሲጠራው መቅረት አይችልም። ሰይፍ የበር ጠባቂዎች ነው። ሾተል የሚገኘው ጋሻ የሚሠሩ ሰዎች ካሉበት ዳር ብቻ ነው (ሾተል23፣ ይህ ላንተ ነው)። አዝማሪው ማሲንቆ_ገመድ እንዳለው ይሠራል፤ ትናንት ሞክረነው አንዱ ልጅ የሰጠው ግጥም ሁላችንንም አስነሥቶ አስጨብጭቦናል። ካህኑ ላይ ሽምብጥ_ልጅ ያለውን ሰዓት ጽፈነዋል፤ የት ላይ እንደሚመጣ ግን እዚህ አልናገርም። እምቦጩ የመጨረሻው ጠላት ነው።

ያልተፈታው ሊቀ መኳሱ ነው። ካባውን የለበሰው ተጫዋች ንጉሡ ማን እንደሆነ ለሌሎቹ ተጫዋቾች ይንገር ወይስ አይንገር? እኔ አይንገር ባይ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ እሱን ንጉሥ ብለው ይመኑ። ሁለቱ ጓደኞቼ ደግሞ ጓደኛን ማታለል ጨዋታውን ያበላሻል ይላሉ።

ሽምብጥ_ልጅ፣ ቅዳሜ ና። አንድ ወንበር አለ።


ሽምብጥ_ልጅ

እመጣለሁ። ሊቀ መኳሱን እኔ ልያዝ። ንጉሡን ግን ከመካከላችን አንዱ በድብቅ ይጫወተው፤ ራሱ ንጉሡም መጠበቁን እንጂ ጠባቂው ማን እንደሆነ አይወቅ። እንዲህ ከሆነ ማታለል አይባልም፣ ሁላችንም እኩል አናውቅም። ዳይስ ይዤ ልምጣ ወይስ አላችሁ?